ኤች አይ ቪ እና የሊምፎማ ተጋላጭነት

የፀረ-ኤች አይ ቪ ሕክምና በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ በመሰጠቱ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ዕድሜ ረዝሟል። በመሆኑም ካንሰርን አስቀድሞ መለየት ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ሆኗል።

ቫይረሱ ቢ-ሴል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያለማቋረጥ እንዲባዙ ያነሣሣል፤ በዚህ ሂደት በዘረ-መላቸው ላይ የሚፈጠር ስህተት ሊምፎማ የተባለውን ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ለውጡ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም። መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም።

የአንገት፣ የብብት ወይም የብሽሽት እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ የቲቢም የሊምፎማም ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ በቲቢ ሕክምና ላይ እያለ እብጠቱ ያልቀነሰለት ታካሚ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሶ፣ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ ስለሚደረግ ምርመራ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።