አሮጌው መኪና ለምን አልተለወጠም?

ዳንግላ ላይ አንድ አሮጌ አይሱዙ ያለው ሰው «ሞተሩን ላሳድስ ወይስ አዲስ ልግዛ?» እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ሒሳቡ የእርሱ ብቻ ይመስላል። አይደለም፤ ግማሹን ያሰላለት መንግሥት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወደ አገር በሚገባ ያገለገለ ተሽከርካሪ ላይ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አየሩ ይጸዳል፣ አደጋው ይቀንሳል ተባለ። ዳሩ ግን አዲስ መግዛት የማይችል ሰው የነበረው ምርጫ ከአሮጌ ወደ ተሻለ አሮጌ መሸጋገር ነበር፤ የጠበበውም ይኸው መሸጋገሪያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አዲሱ መኪና ጭራሽ ራቀ። (መለዋወጫውም በዶላር እንደሚመጣ አንባቢ አይዘነጋም።)

ስለዚህ ይጠገናል። ባለንብረቱ ትክክል ነው እላለሁ፤ የማልስማማው ጥገናው ከየት ይጀምር በሚለው ላይ ነው። የአዊን የዲከረንስ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ጀምሮ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ላይ ነፍስ የሚያድነው ፍሬንና መሪ ነው። ቀድሞ የሚታደሰው ግን ሞተሩ ነው፤ ገንዘብ የሚያመጣው እርሱ ነውና።

መንግሥት አሮጌውን ከመንገድ ማውጣት ከፈለገ ታክስ ብቻውን አይበቃውም። ቤት ወይም ሕንፃ ሳይጠይቅ መኪናውን ራሱን በመያዣነት ተቀብሎ የሚያበድር ባንክ፣ ፍሬንንም ከልብ የሚፈትሽ ዓመታዊ ምርመራ ያስፈልጋል። እስከዚያው የዳንግላው ባለመኪና ከሞተሩ በፊት የፍሬን ሸራውን ይቀይር።