ኩንታል ለሚዛን እንጂ ለጀርባ አይደለም

«ክረምቱን የት አሳለፍክ?» ብለው የጠየቁኝ የክፍል ጓደኞቼ መልሴን ሲሰሙ ሳቁብኝ። አንዱ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ሌላዋ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ተለማምደው መጥተዋል። እኔ ግን የሠራሁት ቡታጅራ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ነው። ሥራዬ ቆጠራ ነበር። እጄ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ፊቴ ባስኩላ። «ታዲያ ለጋዜጠኝነት ምን ይረባሃል?» ለምትሉኝ አንድ ጥያቄ ይዤ ተመልሻለሁ። እሱን ከማንሳቴ በፊት ግን የመጀመሪያ ሳምንቴን ላስቃኛችሁ።

ሰኞ ጠዋት በዝናብ ገባሁ። መጋዘኑ በቆርቆሮ የተሠራ ሲሆን ግማሹ በቆሎና ጤፍ፣ ግማሹ ማዳበሪያ ነው። ክረምት እህል ከገበሬው ጎተራ የሚሟጠጥበት፣ ከመጋዘን የሚወጣበት ጊዜ በመሆኑ ሥራችን በአብዛኛው መጫን ነበር።

ማክሰኞ ባለ 50 ኩንታል አይሱዙ መጣ። ጫኞቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ጆንያውን ከመሬት ያነሳሉ፤ ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ በጀርባው ይቀበልና በሳንቃ ላይ ይወጣል፤ አራተኛው መኪናው ላይ ሆኖ ይደረድራል። ቦታ እየተቀያየሩ ጨረሱት። እኔ ጥግ ቆሜ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላው 5,000 ኪሎ ነው። ለአራት ሲካፈል 1,250 ኪሎ ለአንድ ሰው! ያውም በአንድ መኪና ብቻ።

ረቡዕ ጣሪያው ስላፈሰሰ ግድግዳው ጋ የነበረውን ክምር ማዛወር ግድ ሆነ። በቆሎ ከረጠበ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ክምሩ ሲነቃነቅ ነቀዝ የፈጨው ዱቄት እንደ ጉም ተነሳ። ጫኞቹ አፋቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ሠሩ፤ ማስክ የሚባል ነገር አላየሁም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። አዋጁ ግን እኛ መጋዘን በር ላይ ሲደርስ ዝናብ ፈርቶ የተመለሰ ይመስላል።

ሐሙስ ማዳበሪያ ጫንን። ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ነው የሚታሸገው። «ዛሬስ እረፍት ነው» ብዬ ሳበቃ አንዱ ወጣት ሁለቱን ደርቦ ተሸከመ! ለካ ክፍያው በኩንታል ነው። ሁለት ጊዜ ቢመላለስ የሚጨምርለት ሳንቲም የለም።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ጋሼ የምንላቸውን የሁሉም ታላቅ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እህሉም በ50 ኪሎ ቢሆን አይሻልም?» ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ለወገቤማ ይሻላል። ለቤቴስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል «እስቲ አሸክሙኝ» አልኩ። ከልባቸው እየሳቁ አሸከሙኝ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ጆንያውን ያዙልኝ። ሳቁ በረደ፣ የጋሼ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 100 ኪሎ ይሸከም ያለው ማነው? ኩንታል የሚዛን ልክ ነው፤ ነጋዴ ሒሳብ እንዲቀለው የሚጠቀምበት። የሰው ጀርባ ልክ ሆኖ ያረፈው ማንም አስቦበት ሳይሆን በልማድ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ አዋቂ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የበለጠ ከሆነ በፍጥነት ወደዚያ እንዲወርድ ይላል። እኛ ጋ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

በሌላው ዓለም እህል ከጀርባ የወረደው ቆይቷል። አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ ወዛደሮች ከመርከብ እህል በጀርባቸው ያወጡ ነበር። ጆሴፍ ዳርት የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1842 በእንፋሎት የሚሠራ፣ ባልዲዎች የተደረደሩበት ቀበቶ ያለው የእህል ማንሻ መትከል ጀመረ። እኔ ግን ቡታጅራና ወልቂጤ ላይ የእህል ማማ ይተከል እያልኩ አይደለም። የምለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

አንደኛ፣ እህል በ50 ኪሎ ይታሸግ። «ጆንያ እጥፍ ያስወጣናል» የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ እውነት አለው። ነገር ግን ሲሚንቶና ማዳበሪያ በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ አይሱዙ፣ በ50 ኪሎ ይመላለሳሉ፤ ገበያው አልፈረሰም። ሁለተኛ፣ የኩንታሉ ክፍያ ምልልሱን ያስላ። አይሱዙው ላይ 50 የነበረው ምልልስ 100 ይሆናልና ያለ ጭማሪ ያ ወጣት ነገም ደርቦ ይሸከማል፤ ጋሼም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ሦስተኛ፣ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪና ከመኪናው ወለል እኩል የሆነ የሲሚንቶ መድረክ ይሠራ። ሁለቱ ካሉ ምልልሱ ራሱ ይቀላል፤ ጭማሪውም ነጋዴውን ያን ያህል አይጎዳውም።

የጉራጌ ሰው ሥራ ወዳድ ነው እየተባልን አድገናል። በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ለመሥራት የተደራጁ አባቶች ልጆች ነን። ሥራ መውደድ ግን ወገብ መስበር ማለት አይደለም። መንገዱንም የሠሩት እኮ ሰውና ዕቃ በቀላሉ እንዲሄድ ነው።

የመጨረሻው ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። «ጤፍ በኩንታል ይህን ያህል ገባ» የሚል ዜና ሁላችንም ሰምተናል፤ ነገ እኛም እንሠራዋለን። ዋጋውን ለነጋዴው እንጠይቃለን፣ ለሸማቹም እንጠይቃለን። ያንን ኩንታል መኪና ላይ ያወጣውን ሰው ግን ማን ጠየቀው? የክረምቱ ደብተሬ መስመር ብቻ ነው፤ የአንድም ጫኝ ስም የለበትም። ከነጋዴው ይልቅ ጥፋቱ የእኔ የቆጣሪው ነው። በሚቀጥለው ክረምት ከሄድኩ ከመቁጠሬ በፊት ስማቸውን እጽፋለሁ።

ቸር ይግጠመን!