ለእኛም ልጆች ቀይ ኮት

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በአትላንታና በዳላስ፣ በላስ ቬጋስ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፤ ሌሊት ሠርታችሁ ቀን ለምትተኙ እናቶችና አባቶች፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ለምትናገሩ ልጆችም ጭምር። ዘንድሮ አንድ ነገር አብረን እናድርግ። በየልጆቻችን ትምህርት ቤት ኤፍሲሲኤልኤ የሚባለው የተማሪዎች ማኅበር መኖር አለመኖሩን እናጣራ። ካለ ልጆቻችን ይግቡበት። ከሌለ እንዲቋቋም ተሰብስበን እንጠይቅ።

ስሙ ሲዘረዘር የአሜሪካ የቤተሰብ፣ የሥራና የማኅበረሰብ መሪዎች እንደ ማለት ነው። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ይገቡበታል፤ በመላ አገሪቱ ከ200 ሺህ በላይ አባላት አሉት። በየትምህርት ቤቱ ያለው ቅርንጫፍ ቻፕተር ይባላል። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ሁሉም ተማሪዎች ናቸው። የምታማክራቸው ብዙውን ጊዜ ምግብ ዝግጅትን፣ የሕፃናት አስተዳደግን፣ የገንዘብ አያያዝን የምታስተምረው መምህርት ናት። በስቴትና በአገር አቀፍ ጉባኤዎች ቀይ ኮት ለብሰው መድረክ የሚመሩት እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ግን ስለ ማኅበሩ የነገረን ሰው ስለሌለ፣ ልጃችን ያን ኮት ሊለብስ እንደሚችል አስበነው አናውቅም።

ልጆቻችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም። የመብራት ቢል ሲመጣ የሚያነበው ማነው? ከአከራይ ጋር በስልክ የሚከራከረው፣ የሜዲኬይድ ፎርም የሚሞላውስ? ታናሽ ወንድሟን ከአውቶቡስ ተቀብላ፣ አብልታ፣ የቤት ሥራውን የምታሠራው የ13 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ በዚያ ሰዓት ሆም ኬር ላይ የሰው አረጋዊ እያጠበች ነው። አያቷን ይዛ ሐኪም ዘንድ የምትገባውም፣ የምታስተረጉመውም ይቺው ልጅ ናት። (በነገራችን ላይ፣ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሆስፒታሎች ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ እንዲያደርጉ የፌዴራል ደንብ አይፈቅድላቸውም። በነፃ አስተርጓሚ ይምጣልን በሉ፤ መብታችሁ ነው።) ይህችን ልጅ አስተማሪዋ «ከትምህርት ሰዓት ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ስትጠይቃት «ምንም» ብላ ትመልሳለች። ልትዋሽ ፈልጋ አይደለም። ሥራ ነው ያላት ሰው ስለሌለ፣ ሥራ መሆኑን አታውቅም።

ኤፍሲሲኤልኤን ከሌሎች የተማሪ ማኅበራት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መነሻው ቤተሰብ ነው። ሕፃን መጠበቅ፣ አዛውንት መጦር፣ ወር ከወር በማትደርስ ደመወዝ ቤት ማስተዳደር ለመሪነት የሚያበቁ ዕውቀቶች ናቸው ብሎ ይነሣል። ልጆቻችን በዝምታ የተሸከሙት ነገር እዚያ ሲደርስ ስም፣ ስልትና ምስክር ያገኛል።

ታሪኩም ከእኛ የራቀ አይደለም። በ1945 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት «የወደፊቷ አሜሪካ የቤት እመቤቶች» የሚባል ማኅበር ነበር። ያኔ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ተለያይተው ይማሩ ስለነበር፣ በዚያው ዓመት ለጥቁር ተማሪዎች «የአዲሲቷ አሜሪካ የቤት እመቤቶች» የሚባል ሌላ ማኅበር ተቋቋመ። የሚማሩት ወጥ አንድ፣ የሚሰፉት ቀሚስ አንድ፣ ማኅበሩ ግን ሁለት። የተዋሃዱት በ1965 ነው። በዚያው በ1965 የትውልድ አገር ኮታን የሻረው የኢሚግሬሽን ሕግ ወጣ፤ እንደ እኛ ያለው ሰው ወደዚህ አገር የሚገባበት በር መከፈት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግና ዲቪን ያመጣው የ1990ው ሕግ በኋላ ተከተሉ። እንግዲህ ልጆቻችን ወደዚህ ማኅበር ሲገቡ፣ ከእኛ በፊት ጥቁር እናቶችና መምህራን በጓሮ ክፍል ይዘው ያቆዩት ነገር ውስጥ ነው የሚገቡት። የዛሬውን ስም ያገኘው በ1999 ነው። የካሊፎርኒያ ወገኖቻችን ግን ኤፍኤችኤ-ሂሮ ብላችሁም ጠይቁ፤ እዚያ ከ1999 በኋላም በዚህ ስም ይታወቅ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ አባላቱ ለማንኛውም ሥራ አምስት እርምጃ ይከተላሉ። ችግሩን ይለያሉ፣ ግብ ያስቀምጣሉ፣ ዕቅድ ያወጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ከዚያ ውጤቱን ይከታተላሉ። እንበል፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት አንድ አፓርትመንት ያሉ አያቶች የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም። የጠዋቱን ማታ ይውጣሉ፤ አንዳንዴም ጎረቤት «ለእኔ በጀኝ» ያለቻቸውን ይጨምሩበታል። ችግሩ ይኸው ነው፤ የሚያውቀውም ልጅ ነው፣ ምክንያቱም አያቱ ናቸው። ግቡ እስከ ፋሲካ ድረስ በሕንፃው ያለ እያንዳንዱ አዛውንት በአማርኛ የተጻፈ የመድኃኒት ሰዓት እንዲኖረው ነው። ለዕቅዱ ከደብሩ ምእመናን ወይም ከመስጊዱ ጀማዓ መካከል ፋርማሲስት ይፈለጋል፤ ያለ እሱ ፊርማ አንድም ወረቀት አይወጣም። ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በየቤቱ መግባት ነው፤ ቡና መጠጣትም አለበት፣ ሳይጠጡ መውጣት አይቻልምና። ከወር በኋላ ልጆቹ ተመልሰው ያያሉ። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ነው ወይስ መሳቢያ ውስጥ? መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ለምን? ፊደሉ አንሶ ይሆናል፤ ወይም እትዬ ፊደል ስላልቆጠሩ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ያስፈልጋቸው ይሆናል። ተስተካክሎ እንደገና ይታተማል።

ይህን የሠራ የ16 ዓመት ልጅ በአካባቢ፣ ቀጥሎ በስቴት፣ ካሸነፈም በበጋ በሚደረገው አገር አቀፍ ጉባኤ ላይ ቆሞ ያቀርበዋል፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳል።

በእኛ ማኅበራት አምስተኛው እርምጃ የት እንደሚጠፋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናዋጣለን፣ እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሣለን፤ ቀጥሎ የምንሰማው ማኅበሩ ሁለት ቦርድ እንዳለው ነው። ልጆቻችንም ስብሰባችንን አንዴ አይተው የማይመለሱት አማርኛው ከብዷቸው ብቻ አይመስለኝም። ኤፍሲሲኤልኤ ውስጥ ስብሰባ በሥርዓት መምራት ራሱ ትምህርት ነው፤ ሐሳብ ማቅረብ፣ መደገፍ፣ መቃወም፣ ድምፅ መስጠት። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስቀናኝ ግን ከድምፁ በኋላ ያለው ነው። በድምፅ ተሸንፎ፣ በር ዘግቶ ሳይወጣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ መቀመጥ። ይህን የለመዱ ሃያ ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ኮሚኒቲ ማኅበራችን ቢመጡ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

«ልጄ ሐኪም ነው የሚሆነው፤ ምጣድና ሕፃን ምን ያደርግለታል?» የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ነን። የሐኪምነቱን ሕልም አልነካባችሁም። ግን ዙሪያችንን እንይ። በሎስ አንጀለስ የፌርፋክስ ጎዳና ከፊሉ በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በይፋ የተሰየመው በምግብ ቤቶቻችን ነው። እናቶቻችን በቤታቸው ፈቃድ አውጥተው ዴይኬር ይሠራሉ። አዛውንት የሚጦሩ፣ ሆቴል የሚያስተዳድሩ፣ ልብስ ጠልፈው የሚሸጡ አሉን። በዚህ እንጀራ ያሳደግናቸውን ልጆች «እንደኔ እንዳትሆን» እያልን ሥራችንን እንዲያፍሩበት ያስተማርን እኛው ነን። ማኅበሩ በምግብ ዝግጅት፣ በሕፃናት አያያዝ፣ በፋሽን፣ በቤት ውስጥ ዲዛይን፣ ንግድ በማቋቋም፣ በሥራ ቃለ መጠይቅ ሳይቀር ያወዳድራል። ቃለ መጠይቁ ብቻውን ይበቃኛል። ልጆቻችንን ታላቅ ሲያናግራችሁ ዐይናችሁን መሬት ጣሉ ብለን አሳድገናል፤ ጥሩ ጨዋነት ነው፣ ቀጣሪ ፊት ግን ያስጥላል። ሁለቱንም አውቆ በየቦታው መጠቀምን ልጁ የሆነ ቦታ መለማመድ አለበት።

ኮሌጅ ያስገባል እያልኩ አልሸጥላችሁም። ሊጠቅም ይችላል፤ ግን በዚያ ሒሳብ የሚገባ ልጅ ቀይ ኮቱን ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል።

ስለ ወንዶች ልጆቻችንም አንድ ነገር ልበል። ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም ብለን ያሳደግናቸው ልጆች ዛሬ ዶርሚተሪ ገብተው በፒዛ ይኖራሉ፤ ነገ የሚያገቧት ሴት ደግሞ የእናታቸውን ያህል ዝም አትልም። ማኅበሩ ሲጀመር የሴቶች ነበር፣ አሁን ወንዶችም ሴቶችም እኩል ይገቡበታል። ስለዚህ እህቱን ስታስመዘግቡ እሱን ቤት አታስቀሩት።

ገንዘቡስ? የፌዴራል መንግሥት ለቤት አያያዝ ትምህርት መመደብ የጀመረው በ1917 ነው። ዛሬ ፐርኪንስ በሚባለው ሕግ ለሙያ ትምህርት በሚመደበው በጀት እንደዚህ ያሉ የተማሪ ማኅበራትም ሊደገፉበት ይችላሉ። ኡበር ነድታችሁ፣ ፓርኪንግ ጠብቃችሁ የከፈላችሁት ታክስ ነው፤ ችሮታ እንደምትለምኑ አትሽቆጥቆጡ። አባልነቱ ዓመታዊ መዋጮ አለው፤ ከበድ የሚለው ለጉባኤ የሚደረገው ጉዞ ነው። እኛ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ በጁላይ መጀመሪያ ለእግር ኳስ ፌስቲቫላችን ቲኬት ቆርጠን፣ ሆቴል ይዘን፣ በቡድን የምንጓዝ ሕዝብ ነን። ደግ አደረግን። ከዚያው ኪስ ዕድሮቻችን በዓመት አንድ ልጅ ወደ ጉባኤ ይላኩ። የአባል አስከሬን አገር ቤት ለማድረስ የማናቅማማ ሰዎች፣ በሕይወት ያለ ልጅ ኦርላንዶ ወይም ሲያትል ማድረስ አያቅተንም።

እንግዲህ ሥራው ይኼ ነው። ትምህርት ቤቱ ማኅበሩ ካለው፣ ልጃችሁ በዚህ ሳምንት አማካሪዋን መምህርት ያነጋግር። ከሌለው ብቻችሁን ርእሰ መምህሩ ዘንድ አትሂዱ፤ ብቻውን የሄደ ወላጅ «እናስብበታለን» ተብሎ ይሸኛል። አምስት ስድስት ቤተሰብ ሁኑ፤ ከሶማሌው፣ ከሳልቫዶራዊው፣ ከቬትናማዊው ጎረቤታችሁ ጋር ሁኑ፤ እነሱም ቤት ያው የቢል አንባቢ ልጅ አለ። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ፈቃደኛ መምህር ነው። ምግብ ዝግጅት ወይም የሕፃናት አስተዳደግ የምታስተምረዋን አግኙና «ምን እናግዝሽ?» በሏት። ነርስ፣ አካውንታንት፣ ሼፍ፣ የዴይኬር ባለቤት የሆናችሁ ወገኖች ደግሞ በውድድሮቹ ላይ ዳኛ ለመሆን ተመዝገቡ። ማኅበሩ በየዓመቱ ከየሙያው ፈቃደኛ ዳኞች ይፈልጋል፤ የእኛ ልጅ ሽሮ ይዞ ሲቀርብ የቀመሰውን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቢኖር አይከፋም። ካህናት ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢማሞች ከጁምዓ በኋላ ሁለት ደቂቃ ስጡን። እናንተ ልጆችም ወላጆቻችሁን አትጠብቁ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ራሳችሁ ጥሩ፤ እኛን ለማሳመን አማርኛ ካጠራችሁ እሰየው።

የወላጆች ምሽት በብዙ ትምህርት ቤቶች በሴፕቴምበር ውስጥ ነው፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል። ቀኑን ዛሬውኑ ከልጃችሁ ጠይቁ፣ ሺፍታችሁንም ከአሁኑ አስቀይሩ።