ጓንት የሰነፍ አይደለም



ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቡሬ ደወለልኝ። ጣና ላይ የሚቀዝፋትን ትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ ካያክ የሚሏትን፣ ግቢው ውስጥ እየሠራ ነው። በጣም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን «ቲቸር፣ ኢፖክሲው እጄን አሳከከኝ፤ ምን ልቀባው?» አለኝ። ለካ በባዶ እጁ ነው የሚሠራው! በዚያ ላይ የሚታጠበው በቲነር ነው።

ልጆች፣ ኢፖክሲን እንደ ኮላ አትዩት። ኮላ እጅ ላይ ቢደርቅ ተላጦ ይወድቃል፣ አለቀ። ኢፖክሲ ግን አንዴ ቆዳችሁን ካስቆጣው በኋላ ትንሽ ጠብታ እንኳ ያሳክካችኋል፤ ሙያውንም ሊያስተዋችሁ ይችላል። ቲነር ደግሞ ቆዳውን አድርቆ ነገሩን ያብሰዋል። ሳሙናና ውሃ ነው መታጠቢያው። በደንብ ሳይጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉትም አቧራው ወደ ሳንባ ይገባልና ማስክ አድርጉ።

ሁለተኛው ችግራችን ጥድፊያ ነው። «ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት ምንም አይጠቅምም። ጣሳው ላይ 2 ለ 1 ከተባለ 2 ለ 1 ነው፤ ትርፉ የሚዋሐደው አጥቶ ሥራውን ያለሰልሰዋል። ብዙ በአንድ ዕቃ ከበጠበጣችሁም ራሱን በራሱ አግሎ ይጨሳል።

እንጨቱም መድረቅ አለበት። ኢፖክሲ ውሃ እንዳያስገባ ሁሉ የገባውንም አያስወጣም። ክረምት ላይ የተቆረጠ እርጥብ ዋንዛ ላይ ብታፈሱት ላዩ እንደ መስታወት እያበራ ውስጡ ይበሰብሳል። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ይህን ጥንትም ያውቁታል። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ፣ ታንኳዋን ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቋታል። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ይህን ትዕግሥት ለምን እንደምንጥለው አይገባኝም።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ፣ ለማጅ ልጅ ኢፖክሲ ከማስነካታችሁ በፊት ጓንት ስጡት። እሱ አፍሮ አይጠይቃችሁም። «ጓንት የሰነፍ ነው» የሚባለውን ቀልድም ተዉት፤ በዚህ ቀልድ ስንቱ ልጅ እጁን ይጎዳ?

ተማሪዬን ሥራውን አቁመህ ጤና ጣቢያ ሂድ ብዬዋለሁ። ጀልባዋ ትጠብቃለች፤ እጅ ግን መለዋወጫ የለውም።

የእንጨት ሥራ ላይ ያለ ወንድም እህት ካላችሁ ይህን አድርሱልኝ። ቸር ሰንብቱ።