የ40 በመቶው ደንና የሐይቅ ጭቃ

ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም አልፎ ፓኪስታንና ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ። ሕንድ ውስጥ በረራ ተሰረዘ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ። እዚህ ለንደን ያለነው ሐበሾች ደግሞ ቪዲዮውን ስንቀባበል ሰነበትንና ወሬው በሳምንቱ ጠፋ። አመዱ ግን አልጠፋም። ከፊሉን ዝናብና ነፋስ ይወስደዋል፤ ከፊሉ ሐይቅና ሜዳ ውስጥ ደለል ሲጫነው ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። ከሺህ ዓመታት በኋላ የሚቆፍር ሰው «ከዚህ በታች ከ2018 በፊት፣ ከዚህ በላይ ከ2018 በኋላ» ብሎ ሊያነበው ይችላል።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ጂኦሎጂ አልተማርኩም። ጉዳዩን እንድወደው ያደረገኝ ግን ሙያዬ ነው። አንድ ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ሎጉን ነው፤ ማን ምን አለ ሳይሆን በስንት ሰዓት ምን ተመዘገበ። ትልቁ ራስ ምታት ደግሞ የማሽኖቹ ሰዓት እርስ በርሱ አለመግጠሙ ነው። የመሬት ተመራማሪዎችም ያው ችግር አለባቸው፤ የኦሞ ደለልና የስምጥ ሸለቆ ደለል እኩያ መሆናቸው በምን ይታወቃል? አመድ እዚህ ላይ ይደርስላቸዋል። አንድ ፍንዳታ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ያበቃል፣ አመዱ ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይበተናል። በውስጡ ያሉት የመስታወት ቅንጣቶች ኬሚካላዊ ቅንብር ከፍንዳታ ፍንዳታ ስለሚለይ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። በማዕድኑ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ስለሚለወጥ ዕድሜውም ይለካል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ኦሞ ኪቢሽ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1967 የተገኘው «ኦሞ 1» የሚባለው የሰው ቅሪት በ2005 በወጣ ጥናት 195,000 ዓመት ተሰጠው። ከአጥንቱ በላይ ያለው ወፍራም አመድ ግን ከየት እንደመጣ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። በ2022 በካምብሪጅ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን የአመዱን አሻራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው የሻላ እሳተ ገሞራ ጋር አገናኘው፤ ፍንዳታው 233,000 ዓመት ገደማ ሆነው። አጥንቱ ከአመዱ በታች ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ከዚያ ይበልጣል። ሻላ ሐይቅ ዳር ሻይ የጠጣን ሁሉ የተቀመጥነው በዚያ ሰዓት መደወያ ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህ የሩቅ ዘመን ነው፣ ማንም አይጣላበትም። የሚያጣላን የቅርቡ ነው። «የዛሬ መቶ ዓመት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ» የሚለውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። በትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ በስብሰባ ሰምተነዋል፣ እዚህም በየግብዣው አንዱ ያነሳዋል። ከዚያ እንደ ፖለቲካችን ጥፋተኛውን እንመርጣለን፤ አንዱ ደርግን፣ አንዱ የመሬት አዋጁን፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ደግሞ መጥረቢያ የያዘውን ገበሬ። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህን ትረካ ፈትሾ፣ ቁጥሩ ከአፍ ወደ አፍ እየተሻገረ የጸደቀ እንጂ በልኬት የቆመ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሰሚ ግን አላገኘም፤ 40 ክብ ቁጥር ነው፣ ለንግግር ይመቻል።

ሎጉ ምን ይላል? በደጋው የአመድ መስመር እንደልብ አይገኝም፤ ለመጨረሻዎቹ ሺህ ዓመታት ሰዓቱን የሚሰጠው በዋናነት ካርቦን 14 ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል እንደ አገዳ ረጅም ሆኖ የወጣ ጭቃ አለ። በየንብርብሩ ውስጥ ከዘመኑ ዕፅዋት የወደቀ የአበባ ብናኝና ከእሳት የተረፈ ከሰል ተቀብሯል። ዳርቢሻየር፣ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመር በ2003 ያወጡት ውጤት እንዲህ ነው፤ የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ቀደም ብሎ ተመንጥሯል። በቦታው ክትክታና ሣር በቅሎ 1,800 ዓመት ያህል ቆይቷል። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ተመልሰው ደን ሆኑ። ከ1700 ወዲህ እንደገና ምንጣሮ።

ደጋግሜ ያነበብኩት መካከለኛውን ክፍል ነው። ደን ተመለሰ! ማንም የችግኝ ዘመቻ ሳያውጅ። ተመራማሪዎቹ ምናልባት የሕዝብ ቁጥር ቀንሶ፣ ከድርቅ በኋላም ዝናብ ጨምሮ ይሆናል ይላሉ። የግራኝ አሕመድ ጦርነት በዚሁ ዘመን መሃል ነው የሚወድቀው። ይህ እውነት ከሆነ፣ ያ ውብ ደን የበቀለው ሰው ባለቀበት ወይም በተሰደደበት መሬት ላይ ነው። «ወደ ቀድሞው እንመለስ» ስንል የትኛውን ቀድሞ ነው የምንለው?

ሌላው ማስረጃ እዚሁ እንግሊዝ አገር የመጣ ነው። በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከሠራዊቱ ጋር ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ከመቅደላ የተዘረፈውን እናውቃለን፣ እንጠይቃለንም። ፎቶዎቹን ግን ብዙ ሰው አያስታውሳቸውም። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ያንኑ ቦታ ፈልገው ከ140 ዓመት በኋላ መልሰው አነሱት። በ2009 የታተመው ውጤት፣ መሬቱ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመንም የተራቆተ እንደነበር፣ እንዲያውም እርከንና ክለላ በተሠራባቸው ቦታዎች አሁን የተሻለ ዛፍ እንዳለ ያሳያል። እርከኑን የሠራው ያው የሚወቀሰው ገበሬ ነው።

ይህ የወረቀት ክርክር ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። በ2016 ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ ደባርቅ እንዲወጡ ተደረገ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰረዘው። ውሳኔው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ልቅ ግጦሽም እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ከጀርባው ያለው ሐሳብ «እዚህ ሰው ያልነካው ተፈጥሮ ነበር፣ ሰው መጥቶ አበላሸው» የሚል ነው። የሰሜኑ ደጋ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲታረስና ሲግጥ የኖረ አገር ነው። ቤቱን ለቅቆ የሚወጣ ሰው ቢያንስ ከክብ ቁጥር የተሻለ ማስረጃ ይገባው ነበር።

«ስለዚህ ደን አልጠፋም ልትል ነው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። የሐይቅ ጭቃ ስለ ደቡብ ወሎ ይናገራል እንጂ ስለ ከፋና ስለ ባሌ አይናገርም፤ እዚያ በዓይናችን ያየነው ጥፋት አለ። የወሎውም ጭቃ ያለፉት 300 ዓመታት ምንጣሮ ከባድ እንደነበር አይክድም። እኔ የምለው አንድ ቁጥር ለመላው አገር አይሠራም ነው። በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ቁጥሩ ላይ ተከራከርን፤ ምን ዓይነት ዛፍ፣ የት፣ በማን መሬት የሚለው ግን ከቁጥሩ በታች ተቀበረ።

መሬቱም ሁልጊዜ በሰው እጅ ብቻ አይደለም የተለወጠው። ከጣና ወለል የወጣው ደለል፣ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት የሐይቁ መሃል የደንገል ረግረግ እንደነበር፣ ከዚያ በፊትም ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ይናገራል። ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት በፊት ነው። ስለ ግድቡ ሌት ተቀን የምንከራከር ሰዎች ይህን እያወቅን ብንከራከር አይከፋም።

አሁን ያ ጭቃ የት ነው ያለው? በ2014 ከጨው ባሕር የወጣው፣ ወደ 290 ሜትር የሚጠጋውና 620,000 ዓመት የሚሸፍነው ደለል የሚቀመጠው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ነው። እዚያ መቀመጡ ብቻውን አያናድደኝም፤ ማቀዝቀዣና ላቦራቶሪ ይፈልጋል። የሚያናድደኝ የሐይቁን ውጤት በ2003 የወጣ ሆኖ በአማርኛ ተጽፎ አለማየቴ ነው። ጽሑፉ ያለው በእንግሊዝኛ መጽሔት ነው፤ ለንደን ወይም ቶሮንቶ ያለ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው አካውንት ይከፍተዋል፣ ሐይቅ ከተማ ያለው የግብርና ባለሙያ ግን አይከፍተውም። የሳተላይት ምስል የሚያነብ፣ ዳታቤዝ የሚሠራ፣ ለማስተርሱ ርዕስ የቸገረው ሰው ከእኛ መካከል ሞልቷል። የየሐይቁን ውጤት ሰብስቦ፣ ዓመቱን አስተካክሎ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ካርታ ላይ ማስቀመጥ የሁለት ሦስት ሰው የክረምት ሥራ ነው። ለጀመረ ሰው ኮዱን እኔ እጽፋለሁ፤ የዝግባና የጥድ ብናኝ በማይክሮስኮፕ የሚለይ ሰው ግን ያስፈልገኛል።