ከደጅ ጥናት ወደ መልስ ጥናት

ባለፈው ሰሞን የአንድ የልብ ወዳጄ ልጅ እቤቴ ድረስ መጥታ የተባዛ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ልጅቱ በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀች ገና ዓመት አልሞላትም። አሜሪካ በሚገኝ አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ ለአሥር ወር የሥራ ልምምድ እንድታደርግ ዕድል አግኝታለች፤ የቀራት የቪዛ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ወረቀቱ አርባ ጥያቄዎችንና አርባ መልሶችን ይዟል። «ጋሼ፣ እስቲ ይጠይቁኝ» አለችኝ።

«ልምምድሽን ስትጨርሺ ምን ልታደርጊ አስበሻል?» አልኳት። ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ የመጀመሪያ ልጅ በመሆኗ ወላጆቿን የመጦር ኃላፊነት እንዳለባት፣ በስሟ የተመዘገበ ቤት እንዳላት፣ ተመልሳም የራሷን ድርጅት እንደምታቋቁም በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ አወረደችው። ልጅቱን ከክርስትናዋ ጀምሮ አውቃታለሁ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ናት። በስሟ የተመዘገበ ቤት ይቅርና አባቷም እስከ ዛሬ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። «ይህን ማን አስጠናሽ?» ብላት፣ «አማካሪው» አለችኝ። ለዚህም ገንዘብ ከፍላለች።

የዚህ ጽሑፍ ክስ በአማካሪው ላይ አያበቃም። ልጆቻችንን ለእርሱ አሳልፈን የሰጠን እኛም ተከሳሾች ነን።

በቅድሚያ ነገሩን እናጥራ። እንዲህ ያለው ተለማማጅ የሚሄድበት ጄ-1 የተሰኘው ቪዛ መሠረቱ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣችው የትምህርትና የባህል ልውውጥ ሕግ ነው። ተለማማጁ ከአሜሪካ ውጭ ባለ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚማር፣ ወይም ከተመረቀ ከ12 ወር ያልበለጠው ሊሆን ይገባዋል። ከጉዞው በፊት እርሱ ራሱ፣ ተቀባዩ ድርጅትና ፕሮግራሙን የሚመራው ስፖንሰር የሚፈርሙበት ዲኤስ-7002 የተባለ የሥልጠና ዕቅድ ይዘጋጃል። ምን እንደሚማር፣ በማን ኃላፊነት ሥር እንደሚሠራ፣ ዕውቀቱ በምን እንደሚመዘን በዚያ ላይ ይሰፍራል። ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ከጠቅላላው ሥራ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥም ደንቡ ያዛል።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 (ቢ) እንዲህ ያለውን አመልካች ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው ይቆጥረዋል። የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው። ይህንንም የሚያስረዳው በመስኮት ፊት ቆሞ፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ወጣት ሊያቀርበው ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው፣ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ማሳየት ነው።

ስለዚህ ልጅቱን ሌላ ጥያቄ ጠየቅኋት። «የሥልጠና ዕቅድሽንስ አንብበሽዋል?» ቀና ብላ አየችኝ። ፈርማበታለች፤ አላነበበችውም። የሌላትን ቤት ሸምድዳ የራሷን ፊርማ የያዘውን ሰነድ አታውቀውም። የአማካሪዎቹን ሙያ ከዚህ በላይ የሚገልጽ ነገር አላገኘሁም።

እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚሸጡ እንይ። ምክራቸው በየአፉ የሚዞር ስለሆነ ምስጢር አይደለም። አሜሪካ ያለች እህትህን አታንሣ፤ የአጎትህን ቤት የራሴ ነው በል፤ የማኅበራዊ ገጾችህን ዝጋና ቅጹ ላይ አትጻፋቸው። ቅጹ ግን ስለ እህትና ወንድም በግልጽ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አመልካች ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ገጾች ስም እንዲያስመዘግብ ይገደዳል፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጄ ቪዛ አመልካቾች ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዝዟል። ዋናው አደጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአንቀጽ 214 (ቢ) የተከለከለ ሰው እንደገና ማመልከት ይችላል። ለውሳኔው ወሳኝ በሆነ ጉዳይ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት መናገሩ የተመዘገበበት ሰው ግን፣ ልዩ ይቅርታ ካላገኘ በስተቀር ዕድሜ ልኩን ወደዚያች አገር እንዳይገባ ሕጉ ያግደዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው። አማካሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይሄዳል፤ የሃያ ሦስት ዓመቷ ልጅ ግን መዝገቡን ተሸክማ ትኖራለች።

ይህ ንግድ በእኛ ዘንድ ለምን ደራ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን ደጅ ጥናት የሚሉት ነገር ነበራቸው። ባለጉዳይ በመኳንንቱ በር ላይ ወራት እየቆመ የጌታውን ፊት ያነብባል፣ የሚያስደስተውን ቃል ይማራል፣ ጉዳዩን ሳይሆን ጌታውን ያጠናል። ዘመኑ ተለወጠ፤ ልማዱ ግን ቤት እየቀየረ ዘለቀ። በደርግ ዘመን በውይይት ክበብ፣ በኢሕአዴግ ዘመን በግምገማ፣ ትክክለኛው መልስ መድረኩ የሚፈልገው መልስ እንደሆነ ተማርን። በትምህርት ቤትም ልጁ የገባውን በራሱ ቃል ከሚጽፍ ይልቅ መምህሩ ያስጻፈውን እንዳለ ሲመልስ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እንዲህ ያደገ ወጣት በባለሥልጣን ፊት ሲቆም «የእኔ እውነት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነበር የሚገርመኝ። የሚጠይቀው «ምን እንድል ይፈልጋሉ?» ነው። አማካሪው ይህንን ድክመት አልፈጠረውም፤ ዋጋ ተመነለት እንጂ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ? ተማሪያቸው የውጭ የልምምድ ዕድል ሲያገኝ በድረ ገጻቸው ፎቶግራፉን ለመለጠፍ የሚቀድማቸው የለም። ለዝግጅቱ የሚያበረክቱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኅተም ያረፈበት አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። መምህሩ ከተማሪው ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጦ «ይህ ልምምድ እዚህ ከተማርከው ጋር በምን ይገናኛል?» ብሎ ቢጠይቀው ከአርባው መልስ ይበልጥ ነበር። ተቀባዮቹ ድርጅቶችም ከወቀሳ አያመልጡም። የሥልጠና ዕቅዱን ሞልተው በኢሜይል ይልኩና «እዚህና እዚህ ላይ ፈርም» ይላሉ። ዕቅዱን በመስመር ስልክ ወይም በቪዲዮ አብረው ቢያነቡት የሚያልፍባቸው ጊዜ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ላኪውም ተቀባዩም ትከሻውን ሲነቀንቅ፣ በመካከል የቀረው ባዶ ቦታ የደላላ ሆነ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «እውነት የተናገረውም ይከለከል የለም ወይ?» ይባላል። አዎን፣ ይከለከላል። የሕጉን ጭካኔ ለመሸፈን አልተነሣሁም። አመልካቹ ለቪዛው 185 ዶላር፣ ለልውውጥ ፕሮግራሙ መዝገብ ደግሞ 220 ዶላር ይከፈልለታል ወይም ይከፍላል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ለአንድ አዲስ ተመራቂ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ቢከለከል የቪዛው ክፍያ አይመለስለትም፤ ይግባኝም የለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 በሙኞዝ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ፍርድ ቤቶች በመርህ ደረጃ የቆንስላ ሹምን ውሳኔ እንደማይመረምሩ ዳግመኛ አጽንቷል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች በሦስት ወር ውስጥ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግሉ እንዲሆኑ ተወስኗል። ይህ ሁሉ መወቀስ ያለበት ነው፤ እኔም እወቅሰዋለሁ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ እንዋሽ» ማለት ስሌቱም አያዋጣም። እውነቱን ተናግሮ የተከለከለ ወጣት ያጣው ገንዘብና ጊዜ ነው፤ ነገ ተመልሶ ያንኑ እውነት ሊናገር ይችላል። ዋሽቶ የተከለከለው ግን ዛሬ ያለውን ነገ ማስታወስ አለበት። ዋሽቶ ያለፈውም ቢሆን ውሸቱን በመዝገብ ትቶ ሄዷል፤ በሚቀጥለው ማመልከቻ ይጠብቀዋል። ለመቅረት ቆርጦ የተነሣ ሰው ካለም በግልጽ ልንገረው፤ የልምምድ ቪዛ የእርሱ መንገድ አይደለም፣ ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ጥርጣሬ ያወርሳቸዋል።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ወረቀቱን አጥፈን ሦስት ምሽት ተቀመጥን። በመጀመሪያው ምሽት የሥልጠና ዕቅዷን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አነበብን፤ ከዚያም ምህንድስና ለማታውቀው ለባለቤቴ በሁለት ደቂቃ እንድታስረዳት አደረግሁ። በሁለተኛው ምሽት ወጪዋን ማን እንደሚሸፍን፣ ወርኃዊ አበሏ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደምታድር ከሰነዶቿ ላይ አወጣን። ቅጹን በአማካሪው እጅ አስሞልታ ኖሮ፣ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን መልስ ራሷ አርማ ጻፈችው። ያልገባትን ጥያቄ «ይድገሙልኝ» እንድትል፣ የማታውቀውን «አላውቅም» እንድትል ተስማማን።

በሦስተኛው ምሽት ያንኑ የመጀመሪያውን ጥያቄ መለስኩላት። «ልምምድሽን ስትጨርሺ ምን ልታደርጊ አስበሻል?» ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የመመረቂያ ጽሑፏ በየክረምቱ ጎርፍ ስለሚያጥለቀልቀው ስለ ገዛ ሰፈሯ የፍሳሽ መስመር እንደነበር ነገረችኝ። የዝናቡን መጠን የሚቀምር የኮምፒውተር ሞዴል በሚገባ መሥራት ስላልቻለች ጥናቷ ጎደሎ እንደቀረ፣ በልምምዱ የምትማረውም በትክክል ይህንኑ እንደሆነ፣ ስትመለስ ያንን ጥናት ጨርሳ በዚሁ ሙያ ሥራ መፈለግ እንደምትሻ አስረዳችኝ። አልሸመደደችውም። ዓይኗም ጣሪያው ላይ አልነበረም። ይህን የመሰለ መልስ በውስጧ እያለ፣ ገንዘብ ከፍላ የሌላትን ቤት ስታጠና ከርማለች።

ቀጠሮዋ የፊታችን ወር ነው። ይፈቀድላት አይፈቀድላት የሚያውቅ የለም፤ አውቃለሁ የሚላችሁ ካለ እርሱ ነው ደላላው። እኔ የምጠይቀው መምህራንን፣ ወላጆችንና እነዚህን ልጆች እንቀበላለን የሚሉትን ድርጅቶች ነው። ሦስት ምሽት ስጧቸው። ልጆቹ የሚናገሩት እውነት አላቸው፤ ያጡት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣቸው ሰው ነው።

ቸር እንሰንብት።