ገበያ የሚጸናው በአመኔታ ነው

ገበያ ሰው ያለውን ሰጥቶ የሌለውን የሚያገኝበት አደባባይ ነው። ገበሬው ከማሳው ያፈሰውን፣ ሸማኔው የሸመነውን፣ ሸክላ ሠሪዋ ከእሳት ያወጣችውን ይዘው የሚገናኙት በገበያ ነው። ስለዚህም የአንድ አገር ገበያ ሲለወጥ የሚለወጠው የሸቀጥ መሸጫው ቤት ብቻ ሳይሆን የሕዝቡም አኗኗር ጭምር ነው።

በአገራችን የችርቻሮና የጅምላ ንግድ በአመዛኙ ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ግን የውጭ አገር ባለሀብቶችም በዚሁ የንግድ ዘርፍ እንዲሰማሩ በሩን ከፈተ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዶች «ታላላቅ የውጭ መደብሮች ሲመጡ ትንንሹን ሱቅና ጉልቱን ይውጡታል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «መደብሮቹ ሲመጡ ኑሮ ይረክሳል፤ ብልሹው ንግዳችንም ይታረማል» ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ከሁለቱም የተለየ ነው። ይኸውም ንግድን የሚያጸናው የመደብር ግዙፍነት ሳይሆን የገዥና የሻጭ መተማመን ነው፤ ይህንንም መተማመን በየአካባቢያችን ልንገነባው የምንችል እኛው ራሳችን ነን የሚል ነው።

ይህን ለማስረዳት አስቀድሞ ያለፈውን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን የሚገኘው ይፋግ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ስማቸው ከገነነ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚጓዘው አሞሌ ጨው ለምግብ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ያን ጊዜ ሲራራ ነጋዴው ከወራት ጉዞ በኋላ የሚደርስበትን ገበያ የሚመርጠው ሰላምና እምነት ያለበት መሆኑን ተመልክቶ ነበር። አሞሌው ተሰብሮና ተሸርፎ ከተገኘ ዋጋው እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ስሙ የተሸረፈ ነጋዴም ዋጋ አልነበረውም።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የውጭ ሰዎች ያቋቋሟቸው ትልልቅ የንግድ ቤቶች ነበሩ። የሕንዱ የሞሐመድ አሊ ኩባንያና የፈረንሳዊው የቤስ ኩባንያ ከእነዚህ መካከል የሚጠቀሱ ናቸው። ሞሐመድ አሊ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአገር ተባረረ። በዚያው ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ዋናው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሰፈር ተዛወረ። ወራሪው ይህን ያደረገው ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሰፈሩን የራሳቸው አድርገው የአገሪቱ ንግድ እምብርት አደረጉት። እንግዲህ የውጭ የንግድ ቤት በምድራችን ሲቋቋም ይህ የመጀመሪያው አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በደርግ ዘመን ደግሞ ንግዱ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ገባ። ሸማቹ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ስኳርና ሳሙና በራሽን ይገዛ ነበር፤ ገበሬውም ከሰብሉ የተወሰነውን በኮታ፣ ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ፣ ለመንግሥት ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። የታሰበው ድኻውን ከስግብግብ ነጋዴ ለማዳን ነው ቢባልም፣ ዋጋው የገበሬውን ድካም ስለማይመልስ ገበሬው ለገበያ ለማምረት የነበረው ፍላጎት ቀዘቀዘ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህሉ ኮታ ቀረ። ከዚህም የምንማረው ዋጋ በትእዛዝ ብቻ እንደማይጸና ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ካናዳ እንሻገር። በዚያች አገር የሐድሰን ቤይ ኩባንያ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1670 ተቋቋመ። በመጀመሪያ ከአገሩ ተወላጆች የእንስሳት ቆዳ እየተቀበለ ብርድ ልብስና የብረት ዕቃ ይሰጥ ነበር፤ በኋላም በየከተማው ብዙ ፎቅ ያላቸው መደብሮች ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1869 ደግሞ ከአየርላንድ የተሰደደው ቲሞቲ ኢተን በቶሮንቶ ከተማ አንድ ሱቅ ከፈተ። የኢተን ሱቅ ከሌሎቹ የተለየባቸው ልማዶች ነበሩት። ዋጋው ለሁሉም ሰው አንድ ነበር፤ ሽያጩ በዱቤ ሳይሆን በእጅ በእጅ ነበር፤ ገዥው ዕቃው ካላረካው ገንዘቡ ይመለስለት ነበር። ከ1884 ጀምሮም የዕቃውን ዝርዝርና ዋጋ በመጽሐፍ እያሳተመ በሩቅ ላሉ ገበሬዎች በፖስታ ይሸጥ ጀመር። ከከተማ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ገበሬ ሻጩን ሳያይ ገንዘቡን አምኖ ይልክ ነበር።

ይሁን እንጂ ጊዜ ጠባዩን ለወጠ። ርካሽ ሸቀጥ በብዛት የሚሸጠው የአሜሪካኑ ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ1994 ካናዳ ገባ። ራሱን ከዘመኑ ጋር ያላራመደው ኢተን በ1999 ከሰረ። ታርጌት የተባለው ሌላው የአሜሪካ ድርጅት በ2013 ገብቶ ከመቶ በላይ መደብሮች ቢከፍትም፣ ዕቃ የሚያመላልስበት ሥርዓት ስለተበላሸ መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሁሉንም ዘግቶ ወጣ። ሲርስ ካናዳ በ2018 ተዘጋ። በመጨረሻም 355 ዓመት የኖረው ሐድሰን ቤይ በዕዳ ተይዞ፣ ሰዉም ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት መገብየትን ስለለመደ፣ በ2025 መደብሮቹን ሁሉ ዘጋ። ከ8 ሺህ በላይ ሠራተኞችም ከሥራ ወጡ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንገነዘባለን። አንደኛው፣ ግዙፍነትም ዕድሜም ለነጋዴ ዋስትና አለመሆናቸው ነው። ታርጌት ገንዘብና ስም ሳያጥረው በሁለት ዓመት የወደቀው ሸማቹ ፈልጎት የመጣውን ዕቃ ባለማግኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ ኢተንን ከአንዲት ሱቅ አንሥቶ ታላቅ ያደረገው የሕንፃው ቁመት ሳይሆን ዋጋውን በግልጽ መናገሩና ቃሉን ማክበሩ መሆኑ ነው። ሕንፃ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ዋጋ ጽፎ ለመለጠፍ ግን አንድ ቁራጭ ካርቶን ይበቃል።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ወረታ እንመለስ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚያቀናው መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደረቅ ወደብም ተሠርቶላታል። ዙሪያዋን የከበባትን የፎገራን ሜዳ ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ያጥለቀልቁታል። ቀድሞ በከብቱ የታወቀው ይህ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ አብቃይ ሆኗል። ገበሬው ሩዙን ካነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። በከተማይቱም የሩዝ መፈልፈያዎች ተበራክተዋል።

ይሁን እንጂ የገበሬው ጥቅም እንደ ምርቱ አላደገም። ዕዳውንና ግብሩን ለመክፈል ሲል ሰብሉን በሚያነሣበት ወቅት ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። በመካከል የሚገባው ደላላ የገዥውን ዋጋ ለሻጩ፣ የሻጩንም ለገዥው ይሰውራል። በሚዛንም በኩል ያለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በእያንዳንዱ 50 ኪሎ ላይ 1 ኪሎ የሚሰርቅ ሚዛን አለ እንበል። በዚህ ሚዛን 20 ኩንታል ሩዝ የሚሸጥ ገበሬ 40 ኪሎ ያጣል። ይህም ለልጁ ደብተርና የደንብ ልብስ ሊገዛበት የሚችል ሀብት ነው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» እንደሚባለው፣ ዋጋው ባልተጻፈበትና ሚዛኑ ባልተመረመረበት ገበያ የሚጎዳው ዘወትር ደካማው ነው።

በዚህ ላይ «በዋጋ መከራከር የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ጨዋታውም ትውውቁም በዚያ ውስጥ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አስተያየቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ክርክሩ ሁለቱም ወገኖች የገበያውን ዋጋ ሲያውቁ በእርግጥ ጨዋታ ነው። አንደኛው ሲያውቅ ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ግን ጨዋታነቱ ቀርቶ ብዝበዛ ይሆናል። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ እናት ከከተሜው ነጋዴ ጋር በእኩልነት ሊከራከሩ አይችሉም። ሕጉም ቢሆን ከእርሳቸው ወገን ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የሸቀጡን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛልና።

ሌሎች ደግሞ ትንሹ ሱቅ ጊዜው አልፎበታል ይላሉ። ይህም ጥድፊያ ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ ለጎረቤቱ ሩብ ሊትር ዘይት ቀንሶ ይሸጣል፤ ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ መዝገቡ ጽፎ ይታገሣል፤ ሌሊት ቢጠሩትም ይከፍታል። ታላቅ መደብር ይህን አያደርግም። ስለዚህ ትንሹ ሱቅ የሚጠፋው ትንሽ በመሆኑ ሳይሆን፣ ሰዉ የሰጠውን አመኔታ ባጎደለ ጊዜ ነው። ከዘመኑም መሸሽ የለበትም፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ዛሬ ለትንሽ ነጋዴም በስልክ የመክፈያ መንገድ ሆኗል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ የገበያ ሚዛኖች በየጊዜው በባለሙያ ይመርመሩ፤ ገበሬው የሸጠውን እንደገና የሚመዝንበት የጋራ ሚዛንም በገበያው መግቢያ ይቁም። ሁለተኛ፣ የሱቆች ዋጋ ይለጠፍ፤ የዕለቱ የሩዝ ዋጋም በሰሌዳ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው አማካይነት ሩዙን አከማችተው፣ ፈልፍለውና አበጥረው፣ ከስባሪውም ለይተው፣ በፎገራ ስም ይሽጡት። ከውጭ የሚገባው ሩዝ በከተማ መደርደሪያ ላይ የሚመረጠው ንጹሕና አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚቀርብ ነው። አራተኛ፣ የውጭ መደብር ሲመጣ «ምን ይሸጥልናል?» ብቻ ሳይሆን «ከእኛስ ምን ይገዛናል?» ብለን እንጠይቅ። የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት በተገቢ ዋጋ የሚረከብ መደብር ጎረቤት ነው፤ መርከብ ያመጣውን ብቻ የሚያራግፍ ግን መንገደኛ ነው።

ይህ ሁሉ ለአዋቂዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል የምትማሩ ተማሪዎች ሒሳብ ታውቃላችሁ፤ ማንበብና መጻፍም ትችላላችሁ። ወላጆቻችሁ ሰብል ሲሸጡ ሚዛኑን አብራችሁ አንብቡ፤ የተከፈለውን በማስታወሻ መዝግቡ፤ የወሩን ዋጋ ካለፈው ወር ጋር አነጻጽሩ። ከእናንተም ነገ ነጋዴ የሚሆኑ አሉ። እነዚያ ሱቃቸውን በሚከፍቱበት ቀን ከሁሉ አስቀድመው ትክክለኛ ሚዛን ይግዙ፤ ከዚያም ዋጋቸውን በጉልህ ጽፈው ይለጥፉ።